የሰልፉ ጨርቅ መሐል

ማዕከላዊው መንግሥት የክልሉን ምክር ቤት ሊያፈርስ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት የመፈክር ጨርቅ የሚያሰፋ ሰልፈኛ አይጠፋም። መምህሩም ጎራ አለ። መምህሩ ይሉታል እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ከተባረረ ዘመን ሆኖታል። ጥግ ላይ ኮታቸው እስኪተኮስ የሚጠብቁትን የቀድሞውን ዲን አያቸውና፣ እንዳላየ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

«እንደምን ዋልሽ እታለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? መኪናሽ ዛሬ ድምጿ ለስልሷል፤ ዘይት አጠጣሻት መሰለኝ... ይሄ ጨርቅ የነገው ሰልፍ ነው? ‹በጉዳያችን ወሳኞቹ እኛው ነን›። ወይ ጉድ! ድሮ አንድ ጅል አስተማሪ ይችኑ ክፍል ውስጥ ቢናገር አይደል የተባረረው? የማባረሪያውን ደብዳቤ የፈረመበትስ ሰው... ተይው፣ ያኔ አልገባውም ነበር። አሁን ገብቶት ከፊት ይሰለፋል። ስንቱ ሳይገባው ይሞት የለ?

ባለፈው ሰልፍ የሰውዬውን የጨርቅ አያያዝ አየሽልኝ? ያንቺው ልጅ ግራውን እንጨት፣ ጓደኛው ቀኙን ይዘው ከነፋስ ጋር ሲታገሉ፣ እሱ መሐሉን በሁለት ጣት! ጨርቁ እንዳይጨማደድ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ፎቶው ላይ ደግሞ እንዴት አምሮበታል! ፖሊስ ሲመጣ ባለ እንጨቶቹ ያን ሁሉ ተሸክመው የት ይሮጣሉ? ተያዙ። እሱ ጣቶቹን ከፈት አደረገ... አለቀ። ሮጠ እንዳልል ትልቅ ሰው አይሮጥም፤ ፋርማሲ ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ድሩ ታሰረ፣ አንበሳው ራስ ምታት ያዘው።

ልጅሽን ጠየቅሽው? አይዞሽ፣ ይፈታል። ነገ ማዕከላዊው መንግሥት ድረስ ሄዶ የሚደራደርልን ሰው ትመርጣላችሁ አሉ። ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? ድርድር ማለት ለቀቅ ማድረግ አይደል? ለመልቀቅ እንደሱ የቀለለው ማን አለ? ምክር ቤቱንም በሁለት ጣት ይይዝልናል...

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። መሐሉም ላይ የእንጨት ማስገቢያ ስፊበት። ወፈር ያለውን እንጨት እኔ አመጣለሁ።»

ተነሣና ወደ በሩ ሲዞር ክው ያለ መሰለ።

«ውይ ጋሼ! እዚህ ኖረዋል? ይቅርታ፣ ከእታለም ጋር ስለ አንድ ደግ ሰው ስንጫወት... እንዲያውም ልመርቀው ነበርና አሜን ይበሉልኝ። ያችን ደብዳቤ ስትፈርም ቅንጣት ያልተንቀጠቀጠች እጁን፣ ነገም እግዜር ያጽናለት!»