ኮታቸውን ይዘው ተራ የጠበቁት ደንበኛ

ጋሽ ሜትርን ለመሸኘት ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ቤተሰቡ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የመረጠኝ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ስለሆንኩና ድምፄም እስከ ኋላው ወንበር ስለሚሰማ ነውና፣ ካስረዘምኩባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እርሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ትርፉን ቆርጠው፣ ጠርዙን አጥፈው በልክ ይሰጧችሁ ነበር።

ጋሽ ሜትር ከአናጢ አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የታላላቆቻቸውን ልብስ እየወረሱ ስላደጉ፣ ሰፊ ሱሪ እንዴት እንደሚጠብና ረጅም እጅጌ እንዴት እንደሚያጥር ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ያውቁ ነበር ይባላል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተከታተሉ በኋላ፣ አባታቸው ከጣሪያ ላይ ወድቀው ሥራ በማቆማቸው፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው አጎታቸው ዘንድ ልብስ ስፌት ገቡ፤ እድሜያቸውንም ሙሉ ከዚያ ሙያ አልወጡም። መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወልቁና በሠርጋቸው ቀን ሳይቀር ከከረባታቸው ሥር ተጠምጥሞ በመገኘቱ ቅጽል ስማቸው በዚያው ጸናባቸው፤ ኋላ ኋላ እናታቸውም ቢሆኑ በሌላ ስም አይጠሯቸውም ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። እትዬ ያኔ መምህርት ነበሩና፣ ያሰፉት ቀሚስ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ክንዳቸውን ባነሱ ቁጥር ብብታቸው ሥር እየያዘ ቢያስቸግራቸው፣ በቁጣ ይዘውት ተመለሱ። ጋሽ ሜትር ፈትተው ሰፉላቸው፤ አሁንም ያዘ። እንደገና ፈቱት። በመጨረሻ፣ ራሳቸው እትዬ እንደሚሉት፣ መመላለሱ ስለሰለቻቸው አገቧቸው። ከዚህ ትዳር አንዲት ልጅ ተወለደች፤ የዛሬው ወሬዬም ብዙው የሚመለከተው እርሷንና አባቷን ነው።

ጋሽ ሜትር በዚህ ዓለም ከቤተሰባቸው ቀጥሎ የሚወዱት አንድ ሰው ነበር፤ ሁላችሁም የምታውቋቸው፣ ስማቸውን ግን እንዳልጠራ አደራ የተባልኩባቸው ታላቅ አኮርዲዮን ተጫዋች። ከስፌት መኪናው በላይ ባለው መደርደሪያ ሬዲዮ ነበራቸው፤ የባለአኮርዲዮኑ ዜማ ሲጀምር መኪናው ይቆማል፣ ደንበኛውም አፉን ይይዛል። አንድ ቀን ኮፍያ ያደረጉ ረጅም ሰው ኮት ይዘው ገቡና፣ ተራቸውን ጠብቀው የመጡበትን ማስረዳት ሲጀምሩ ያው ዜማ መጣ። ጋሽ ሜትርም መቀሳቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዝም ይበሉ! እሳቸው ሲጫወቱ በዚህ ቤት ወሬ የለም» አሏቸው። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው እስኪያልቅ ዝም አሉ። ከዚያ ጋሽ ሜትር ኮቱን ዘርግተው ቢያዩት ሁለቱም ትከሻዎች በማንገቻ ተበልተዋል፣ የደረቱም ጨርቅ ተቆንጥጦ ተቆንጥጦ ሳስቷል። «ምን ተሸክመው ነው እንዲህ የጨረሱት?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሰውየው ወደ ሬዲዮው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አሁን ዝም ያሰኙኝን ዕቃ ነዋ» አሉ። መቀሱ ከጋሽ ሜትር እጅ ወደቀ።

ወይ ጉድ! የሚያፈቅሩትን ሰው በገዛ ሙዚቃቸው ዝም ያሰኙ እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለአኮርዲዮኑ ግን ቅር ከመሰኘት ይልቅ ቤቱን ወደዱት፤ ማንገቻው ትከሻቸውን በበላ ቁጥር ይመጡ ጀመር። መድረክ ላይ ሁልጊዜ በጥቁር መነጽር ስለሚታዩ፣ ያለ መነጽር አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ የሚያውቃቸው አልነበረም። የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር ከመጣች እናት ኋላ ተራ ይይዛሉ፤ እርሷ ከቸኮለች ደግሞ ያስቀድሟታል። ጋሽ ሜትር ከወረፋው ሊያወጧቸው ቢሞክሩ፣ «ኮቴ አይቸኩልም» ይሏቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ጋሽ ሜትር ማታ ማታ በገበታ ላይ ሲያወሩ ማን ይመናቸው? ጎረቤቱ «የባለአኮርዲዮኑ ባልንጀራ» እያለ አላገጠባቸው፤ እርሳቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የከበዳቸው ግን ልጃቸው ከትምህርት ቤት እያለቀሰች የመጣች ቀን ነው፤ የአባቷን ታሪክ ለጓደኞቿ ብታወራ «የቀጣፊ ልጅ» ብለዋት ነበርና። «አባዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ!» ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ሰውየው እኔ ጋ የሚመጡት ኮታቸውን ሊያሰፉ ነው። ውጭ ሁሉም ያያቸዋል፤ እኔ ጋ እንኳ ይረፉ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ አልጠየቀችም፤ አባቷ ያንን ወሬ ሲያነሱ ግን ሳህን ታነሳ ነበር። ይህ አንጀታቸውን ይበላቸው ነበር፤ ቢሆንም ፎቶውን አልጠየቁም።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመው ሱቁ ተዘጋ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ካደረጉ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለእትዬ እንደነገሯቸው፣ ሞቱን አልፈሩትም፤ «ልጄ ‹አባቴ ቀጣፊ ነው› ብላ እንዳትቀብረኝ ብቻ ነው የምፈራው» ይሉ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ልጃቸው ብትከፍት፣ ቤቱን አጠያይቀው የመጡ፣ ኮት ክንዳቸው ላይ ያጠፉ አረጋዊ ቆመዋል። «አባባ፣ ሱቁ ተዘግቷል፤ አባዬ ሥራ አቁመዋል፤ አሁን ደግሞ ነርሷ መርፌ እየወጋቻቸው ነው» አለቻቸው። አረጋዊውም፣ «ግዴለም ልጄ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» ብለው ኮሪደሩ ላይ፣ ጫማና ጃንጥላ በተደረደረበት መካከል ባለችው በርጩማ ተቀመጡ። ይኼኔ ከውስጥ፣ ለቀናት ድምፅ ማውጣት አቅቷቸው የነበሩት ጋሽ ሜትር፣ «ይግቡ! ዛሬ ከፊትዎ ማንም የለም!» ብለው ጮኹ።

ባለአኮርዲዮኑ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኚህ አባትሽ በራሴ ሙዚቃ ዝም እንዳሰኙኝ ነግረውሻል?» ብለው ጀመሩ። ሬዲዮውን፣ ከፍ ብሎ የተነሳውን መቀስ፣ «በዚህ ቤት ወሬ የለም» መባሉን፣ አንድም ሳይቀር ሁሉንም ተረኩላት፤ በልጅነቷ በገበታ ላይ ትሰማው የነበረውን፣ ቃል በቃል። ልጅቷ የአባቷን እግር አቅፋ፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ብላ አነባች። ጋሽ ሜትር ግን፣ «ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? ይልቅ መርፌ ላይ ክር አስገቢልኝ፤ የሰውየው አዝራር ተበጥሷል» አሏት። እንደተጋደሙ አዝራሩን ተከሉት። ጠመመ። ልጃቸው ላስተካክለው ብትል ባለአኮርዲዮኑ ኮቱን ነጥቀው ለበሱት።

ያን ዕለት ጋሽ ሜትር «እፎይ» ብለው እንቅልፍ ተኙ፤ ከዚያ በኋላ በነበሯቸው ቀናትም ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ያንኑ ታሪክ ደጋግመው እንዲነግሯት ታደርጋቸው ነበር። ያለ ጣር፣ እጃቸው በእጇ እንዳለ አረፉ። ስለዚህ ዛሬ ብናዝንም፣ እኛ ቤተሰቦቻቸው ልባችን ቀሎን ነው የቆምነው።

ጋሽ ሜትር ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል፤ አንድ ደንበኛቸውንም ጭምር። ወደ ኋላ የምትዞሩ ዘመዶቼ፣ ተዉ! እርሳቸው ቢኖሩ መቀሳቸውን ያነሱባችሁ ነበር። ስትወጡ አንድ አዝራሩ የጠመመ ኮት የለበሱ አረጋዊ አጠገባችሁ ቢደርሱ፣ ምንም ሳትሉ መንገድ ልቀቁላቸው። የሌላውን ሰው ዕረፍት በስማቸው ዋጋ ለጠበቁት ለጋሽ ሜትር፣ ፈጣሪ የማይታወክ ዕረፍት ይስጥልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ያድልልን።