ስለ ሸሸግሁት የአባቴ ኪኒን የሰጠሁት ሁለተኛ ቃል

የመስካሪው ስም፦ የሻው ደጉ
ዕድሜ፦ 48 ዓመት
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ፎገራ ወረዳ፣ ቁሐር ሚካኤል አጥቢያ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ወረታ፣ የካቲት 15 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ንብረት
ጉዳዩ፦ የአቶ ደጉ አሟሟትና በወረታ ክሊኒክ የሕክምና ረዳት በድሬሰር አያልነህ ላይ የቀረበው ክስ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው የሻው ደጉ ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በገዛ እግሬ ነው። ባለፈው የካቲት 2 ቀን እዚሁ ቀርቤ፣ አባቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሲወስዱ ቆይተው ድሬሰሩ መርፌ ከወጋቸው በኋላ ሞቱ ብዬ የጣት አሻራዬን አትሜ ነበር። መርፌ መወጋታቸው እውነት ነው። መድኃኒቱን አላጓደሉም ያልሁት ግን ውሸት ነው፤ ያጓደልሁባቸው እኔ ነኝ። በዚያ ቃሌ ምክንያት ድሬሰር አያልነህ አሥራ ሦስት ቀን ታስሯል። አሁን የምናገረው እኔኑ ሊያስከስሰኝ እንደሚችል አሥር አለቃው አስቀድሞ ነግሮኛል።

አባቴ አቶ ደጉ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ጉልበታቸውንም ቁርጥማት ይዞታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ እግራቸው እያበጠ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ተቸገሩ። በመስከረም መጨረሻ በበቅሎ ወደ ወረታ ክሊኒክ ወሰድኋቸው። ድሬሰሩ ቤት ውስጥ የሚውጡትንና የሚጠጡትን ሁሉ እንዳመጣ አዘዘኝ፤ በማግስቱ በጨርቅ ቋጥሬ አመጣሁለት። ከገበያ የገዛሁት የቁርጥማት ኪኒን ነበረበት፣ ሥራ ሥር ነበረበት፣ ምንነቱን የማናውቀው ቀይ ብልቃጥም ነበረበት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጎን አድርጎ፣ "አቶ የሻው፣ አባትዎ ያለባቸው አንድ በሽታ አይደለም። ልባቸው ደክሟል። ለጉልበት ብለው የገዙላቸው ኪኒን እግራቸውን ያሳብጠዋል፤ ልባቸውንም ይጎዳዋል። እኔ ሳላየው ምንም እንዳይውጡ" አለኝ።

ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጠኝ። አንዱ ለልብ ነው፤ ሌላው በሰውነታቸው የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያወጣ ነው። ጨው ከለከላቸው። አባቴ ስለማያዩ በየጠዋቱ በእጄ እንድሰጣቸው አደራውን በእኔ ላይ ጣለ። ደግሞም ክር አንሥቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ለካና ጫፍና ጫፉን ቋጠረው፤ ቋጠሮው ከቋጠሮው አልገጥም ያለ ዕለት ውሎ ሳያድር እንዳመጣቸው ነገረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ሟሸሸ። አባቴ ከዘራ ይዘው፣ በሰው ተመርተው ሚካኤል ድረስ ሄደው አስቀደሱ። ለድሬሰሩ አንድ ዶሮ እንኳ ይዤ አልሄድሁም።

ጣጣው ሽንቱ ነበር። ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ ለብዙ ሰዓት ይመላለሳሉ፤ ጉልበታቸው ፈጥኖ አያነሣቸውም፤ በሩንም በዳበሳ ነው የሚያገኙት። በታኅሣሥ ወር የይፋጉ ሰው ግራዝማች መንግሥቴ ልጄን ገላነሽን ለልጃቸው ሊያጩ ከሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። አባቴ አራት ጊዜ ተነሥተው ወጡ። በአምስተኛው ከመደቡ ሳይወርዱ ልብሳቸው ራሰ፤ ውሃው ወደ እንግዶቹ እግር ወረደ። ግራዝማች እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ምነው፣ የርብ ወንዝ በታኅሣሥም ይሞላል እንዴ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴም አብረው ሳቁና፣ "የኔው ጎርፍ ይሻላል ግራዝማች፤ ከብት አይወስድም" ብለው መለሱላቸው። እሳቸው በዚያው ረሱት። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአገሬ ሰው ፊት አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድ ነኝ ባይ ነበርሁ።

ሠርጉ ለእሑድ ጥር 23 ቀን ተቆረጠ። አያት ናቸውና ዳሱ ራስ ላይ ተቀምጠው የሚመርቁት አባቴ ናቸው። ቢቀሩ ሰው ይታዘበኛል፤ ቢቀመጡ ደግሞ ያ ነገር ይደገማል ብዬ ፈራሁ። ሐሙስ ጥር 20 ቀን ጠዋት የሚያሸናውን ኪኒን ከነብልቃጡ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁትና የልቡን ብቻ ሰጠኋቸው። አባቴ ከዋጡ በኋላ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆዩና፣ "ሁለተኛዋስ?" አሉኝ። "ሰጠሁዎት እኮ አባባ፤ አሁን ዋጧት። ረሱት እንዴ?" አልኋቸው። እጃቸውን ሰብስበው፣ "እርጅና ክፉ ነው፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። ይህችን ለማንም፣ ለሚስቴም እንኳ አልተናገርሁም።

ቅዳሜ ክሩን ብሞክረው ሁለት ጣት ያህል ጎደለ። ሠርጉ ይለፍ፣ ከሰኞ ጀምሬ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ክሩን መልሼ ሰቀልሁት። እሑድ አባቴ ልብሳቸው ሳይርስ ዋለ። ሙሽሮቹን መረቁ፤ ግራዝማችም ጉልበታቸውን ስመው ተመረቁ። "የሻው አባቱን እንዴት አድርጎ ይዟቸዋል!" ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ ደረቴን ነፋሁ። እንግዳው ሁሉ ጨው ከበዛበት ወጥ እየጠቀለለ ሲያጎርሳቸው፣ ተከልክለዋል ብዬ የአንድም ሰው እጅ አልያዝሁም። ሰኞ ኪኒኑን ላወጣ ስል ማክሰኞ መልስ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ አማቾቼ ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ አቆየሁት። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን አንድ ላይ ሰጠኋቸው፤ ያን ጊዜ ግን ቁጭ ብለው እንኳ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር።

ሐሙስ ጥር 27 ቀን እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ደሳለውና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመናቸው አምስት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ደረስን። ድሬሰሩ እግራቸውን አየ፤ ደረታቸውን አዳመጠ። "ኪኒኑ ተቋርጦ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ ያዩኛል፤ "አንድ ቀንም አልተቋረጠ" አልሁት። ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ "አባቴ፣ ሁለቱንም በየቀኑ ውጠዋል?" አላቸው። አባቴ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዙረው፣ "ውጫለሁ" አሉ። አምነውኝ ይሁን ወይም አውቀው ሊሸፍኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ያቃጥለኛል። ድሬሰሩ ኪኒኑ እየተወሰደ እንዲህ ካበጠ በሽታው ጠንቷል ብሎ መርፌ ወጋቸው፤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚወስዳቸው የጭነት መኪና እንዲፈለግም ሰው ወደ መንገዱ ላከ። መኪናው ሳይገኝ ስምንት ሰዓት ላይ ዐረፉ። ደሳለው፣ "መርፌው ነው የገደላቸው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ዝም አልሁ። ከቀብር በኋላ ደሳለው ክስ ሲመሠርትም ዝም አልሁ፤ ለምስክርነት ስጠራ ደግሞ ከዝምታም የከፋውን አደረግሁ።

ዛሬ ያመጣኝ የትናንቱ ነገር ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ካሰች ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ የአባቴ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ድሬሰሩ ያክማቸው ነበር። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ ቢቀሩ ልጠይቃቸው ገባሁ። በግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ያቃስታሉ። እግራቸውን በጣቴ ብጫነው የሰረጎደው አልሞላ አለ። ኪኒኑን ይውጡ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "አባትህን ከጨረሰው ሰው እጅ የወጣ መድኃኒት ልውጥ? ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ከዚያ፣ "እኔ እኮ የምታሸናዋን የማኅበር ቀን ዶሮ ሳይጮህ ነው የምውጣት። እስከ ረፋድ ሽንቱ ወጥቶልኝ እሄዳለሁ። ይህን ያሳየኝ ድሬሰሩ ነው። ብትጠይቀው ምን ነበረበት?" አሉኝ። የአባቴን ሽንት አንሥቼ ሰው መጠየቅ አፈርሁ አልኋቸው። "አባትህስ ያንተን ነውር ይዘው ሄዱ። እኔ የማንን ይዤ ልሂድ?" አሉኝ።

ስለዚህ ድሬሰር አያልነህ አባቴን በመግደል ነገር እጁ የለበትም ብዬ እመሰክራለሁ። ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ወይዘሮ ካሰች ከረቡዕ ጀምሮ ጋደም ማለት ስላልቻሉ፣ ዛሬውኑ ተለቆ እንዲያያቸው እለምናለሁ፤ በቅሎዬ ውጭ ታስራ ትጠብቀዋለች። በእሱ ቦታ መታሰር ያለብኝ ከሆነ እዚሁ አለሁ። ወንድሜ ደሳለው ይህን አያውቅም፤ እኔ ባለሁበት እንዲነበብለት እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ካበቃ በኋላ አሥር አለቃው፣ ስለ አባቴ ሽንት የተጻፈው ለሟች ክብር ሲባል ይሰረዝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይሰረዝ፤ የገደልኋቸው እሱን ስደብቅ ነው ብዬ መለስሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው የራሴ ቃል ነው፤ ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የካቲት 2 ቀን የሰጠሁት ሐሰተኛ ቃል በዚህ ይሻር። መጻፍ ስለማልችል የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜአለሁ።

የመስካሪው የጣት አሻራ፦ የሻው ደጉ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ አሥር አለቃ ንብረት