ከማዳበሪያ ወደ ኪሳም ሻንጣ

አቶ ገብረጻድቅ አቃቂ ታክሲ ተራ ቆመው ሦስት ሚኒባስ አለፋቸው። ረዳቶቹ የፈሩት ሰውየውን ሳይሆን በቀኝ ትከሻቸው ያንጠለጠሉትን ማዳበሪያ ነው። መዶሻው፣ መጋዙ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ የቱቦ ቁርጥራጩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተደበላልቆ ሲራመዱ ይንቋቋል። ስንት ዓመት ሲሸከሙት ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ሰሞኑንማ ተኝተው ሲነሱም ድካሙ አብሯቸው ይነሳል።

አራተኛው ረዳት በሩን እንደከፈተ አፈጠጠባቸው።

«ፋዘር፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሱ አይገባም! ትናንት እንዲህ ያለው ዕቃ የሴትዮ ቀሚስ ቀዶብኝ ሙሉ ቀን ስሰደብ ነው የዋልኩት።»

«ያለ ዕቃዬ ሄጄ በጥርሴ ልፈታው ነው ቧንቧውን?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

«ጋሼ ገብረጻድቅ! ይምጡ፣ እኔ እግር ሥር ይቀመጥ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር መጣ።

ሮዳስ ነበረች፤ የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ። ከቴክኒክና ሙያ የቆዳና የሻንጣ ስፌት ተምራ ከጨረሰች በኋላ፣ ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ትሰፋለች። አቶ ገብረጻድቅም የሚሄዱት እዚያው ነው። በቧንቧ ሠራተኝነት ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ካሰናበታቸው ወዲህ ያ ግቢ ብቻ ነው የሚጠራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ዞረው ሥራ እንዲፈልጉ ጉልበታቸው አይፈቅድላቸውም።

ታክሲው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ የመጋዙ ጥርስ ማዳበሪያውን በስቶ የሮዳስን ቁርጭምጭሚት ጫረው። ልጅቱ እግሯን ሰበሰበች።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«ምንም አይደል። ግን ጋሼ፣ ይሄ ጥርስ የእርስዎን እጅ ስንት ጊዜ ነክሶት ይሆን?»

አቶ ገብረጻድቅ ጠባሳ የሞላውን ቀኝ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ልጅቱ ግን አይታዋለች።

«ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። ለዕቃዎ ማደሪያ ልስፋልዎት። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ኪስ ያለው ሻንጣ።»

«ሻንጣ?» ሳቁ። «እኔ ባንክ ቤት ልቀጠር ነው? ስሚ ልጄ። ፋብሪካ ሳለን ያስተማሩን ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለሙያ ዕቃውን ሲዘረግፍ ነው የሚከበረው ይሉ ነበር። ወለሉ ላይ ‘ጧ!’ ብሎ ሲወርድ የቤቱ ባለቤት ሰውየው ሁሉ ነገር አለው ብሎ ያምናል። ከኪስ አንድ አንድ እያወጣሁ ብሠራ ልጅ እያጫወትኩ ነው የሚመስለው።»

«የቤቱ ባለቤትማ የምታየው በዘይት የተበላሸ ወለሏን ነው፤ አክብራዎት ዝም ብላ እንጂ።»

«እናንተ ተምራችሁ የሁሉንም ሆድ ታውቃላችሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ክርክሩ በዚህ ቆመ። የደከመው ሰው ሲነግሩት የሚሰማው ምክሩን ሳይሆን ሌላ ሸክም ሲጨመርበት ነው፤ ወጣቶች ይህን ቢያውቁት መልካም ነበር።

ሥራው ሦስተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ አደሴ ቤት ነበር። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አውጥቶ አዲስ መግጠም፤ የአንድ ሰዓት ሥራ። አቶ ገብረጻድቅ ማዳበሪያውን እንደ ልማዳቸው ዘረገፉት። የውሃውን መዝጊያ በእጃቸው አጥብቀው የዘጉ መሰላቸውና አሮጌውን ቧንቧ ፈቱ። ውሃው ፊታቸው ላይ ፈነዳ።

«ትልቁ ቁልፍ!» አሉ ለራሳቸው። በዚያ በትልቁ የቱቦ ቁልፍ ካልተጠመዘዘ መዝጊያው አይዘጋም። ተንበርክከው ዕቃውን በተኑ፣ ማዳበሪያውን ገለበጡ፣ እንደገና ሰበሰቡ፣ እንደገና በተኑ። መጋዙ አውራ ጣታቸውን ቆረጠው። ቁልፉ የለም። ትናንት ቃሊቲ ዘመድ ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ረስተውት ኖሯል፤ ማዳበሪያ ደግሞ ጎደለኝ አይል።

ወይዘሮ አደሴ ልጇን አቅፋ አልጋ ላይ ወጣች። ውሃው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ወደተጋደመበት ጥግ ሲሄድ አይታ የመብራቱን ቆጣሪ ያጠፋች እሷው ናት፤ እግዚአብሔር ነው ያሳያት እንጂ ያ ቀን በምን ያልቅ እንደነበረ ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። በመጨረሻ የግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ በቀለ ወደ ምድር ሮጦ የብሎኩን ውሃ በሙሉ ዘጋ።

ያን ጊዜ ከታች ፎቅ ወይዘሮ ዲንቄ የራሰ ጤፍ በሰፌድ ይዘው መጡ። የገላን ገበሬ ቤተሰብ ናቸው፤ ምላሳቸው አይቻልም።

«ገብረጻድቅ! ጎጆዬ ያፈስ ነበር ብዬ ፎቅ ብገባ፣ አንተ ደግሞ ከጣሪያ ላይ ክረምት ታወርድብኛለህ? ወሩ እኮ ጥር ነው!»

አቶ ገብረጻድቅ የተበተነውን ዕቃ ወደ ማዳበሪያው መለሱ። አቶ በቀለ ግን ደረጃው ላይ ለብቻቸው ወስዶ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ ነዎት። ግን ይሄ ሁለተኛ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ከተደገመ ኮሚቴው ከግቢው እንዳይገቡ ይወስናል። እኔም ላድንዎት አልችልም።»

ሄደ። እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው ሮዳስ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የቆሰለ ጣታቸውን በጨርቅ አሰረችላቸው። ቀደም ብዬ ነግሬዎት ነበር አላለችም። 

«አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም» አሉ።

«እጅዎ አልሳተም ጋሼ። እጅዎ ያልነበረ ዕቃ ሲፈልግ ነው የዋለው።»

አቶ ገብረጻድቅ የታሰረ ጣታቸውን አገላብጠው አዩ።

«እሺ፣ ያልሽው ሻንጣ ይሁን ልበል። የእኔ ሥራ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም። ዛሬ ቧንቧ ነው፣ ነገ ሽንት ቤት፣ ከነገ ወዲያ የጣሪያ አሸንዳ። ገበያ የሚሸጠውን ሻንጣ አይቼዋለሁ፤ ለመዶሻ የተሰፋው ኪስ መዶሻ ባልይዝም እዚያው ነው። ባዶ ኪስ ተሸክሜ ፎቅ ልውጣ?»

ሮዳስ ከኪሷ የስፌት ጠመኔ አወጣች። «ዘዴውን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት እንግዲህ! ኪሶቹ አይሰፉም። በማሰሪያ የሚገጠሙና የሚወልቁ ይሆናሉ። የነገውን ሥራ ማታ አስበው የሚፈልጓቸውን ብቻ ይገጥማሉ፣ ሌላው ቤት ይቀራል። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ለምን?»

«ይጨፍኑ ብቻ። ውሃው እየፈሰሰ ነው። እጅዎ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል?»

የታሰረችው ቀኝ እጃቸው ሳያዟት ወደ ግራ ዳሌያቸው ሄደች። ፋብሪካ ሳሉ ትልቁን ቁልፍ ቀበቷቸው ላይ የሚሰኩት እዚያ ነበር። ሮዳስ ደረጃው ላይ አንድ ሣጥን ሣለች። ቀጥሎ ካቻቢቴውን ጠየቀቻቸው፤ ቀጥሎ ፒንሳውን፣ ቀጥሎ መጋዙን። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አየሩን እየዳበሱ ነገሯት።

«መጋዙ ከኋላ ይሁን፤ ጥርሱም ወፍራም ቆዳ ይልበስ» አሉ። «ታቹ ደግሞ ድርቅ ያለ ይሁን፤ ሳስቀምጠው እንዲቆም። እኔ ማጎንበስ አልችልም።»

«ማንገቻውን በሁለት ትከሻ አደርገዋለሁ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «በስልሳ አራት ዓመቴ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ላነግት? አቃቂ ገበያ መሃል?»

«እግዚአብሔር ሁለት ትከሻ ነው የሰጠዎት ጋሼ። አንደኛው ብቻውን አርባ ዓመት ሠርቷል፤ ሌላው አሁን ያግዝ።»

ውሃው ከፈነዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ራሱ የደከመው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ስፊው በቃ። ክርክሩ ራሱ አደከመኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣው ደረሰ፤ ከአሮጌ የመኪና ሸራና ከቁርጥራጭ ቆዳ የተሰፋ። አቶ ገብረጻድቅ መጀመሪያ ቀን ጎረቤት ሳይነሳ ማለዳ ወጡ፣ አፍረው። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ግን ረዳቱ ዞር ብሎም አላያቸው።

ውሃው የፈነዳ ዕለት አሮጌውን ቧንቧ መልሰው ገጥመው የተዉትን ሥራ ሊጨርሱ ወይዘሮ አደሴ ቤት ገቡ። ወለሉ ላይ የተዘረገፈ ነገር የለም። ከቃሊቲ ያስመለሱትን ትልቁን ቁልፍ በግራ ዳሌያቸው በኩል ካለው ኪስ አወጡ፣ መዝጊያውን ዘጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፈቱ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሲጨርሱ ዕቃቸውን እያበሱ መለሱ፣ ሻንጣውን አነገቱ፣ ሦስቱን ፎቅ ጉልበታቸው እየጮኸ ወረዱ።

ምድር ላይ ደርሰው ለማረፍ ሻንጣውን ሲያቆሙት የግራው ኪስ አፉን ከፍቶ አዩት። ባዶ ነው።

ሽቅብ አዩ። ሦስት ፎቅ። ነገ ብወስደውስ ብለው አሰቡ፤ የደከመ ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል፤ ትናንት የተረሳ ዕቃ ነገ የሚጎድለውም በዚህ ነው። የኮሚቴው ቃል ትዝ አላቸውና ወጡ። ቁልፉ እንደነከሰ መዝጊያው ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት። የወይዘሮ አደሴ ልጅ አጠገቡ ቆማ ልትነካው እጇን ዘርግታለች። አውልቀው ልጅቱን ግንባሯን ሳሙና ወረዱ።

ወይዘሮ ዲንቄ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «ዛሬ ዝናብ የለም?»

«ዛሬ ደመናውን ኪስ ውስጥ ከተትኩት።»

«ማዳበሪያህስ?»

«ለከሰል ይሁንዎት፤ ቀዳዳውን ግን ይስፉት።»

አቶ በቀለ በዚያው ሳምንት ለሌላ ብሎክ ጠራቸው። የኪሳም ሻንጣ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ እጅ አይቆርጥም፣ ሰው አይጭርም፣ ወገብ ያድናል፣ የሰው ወለል አያበላሽም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጎደለውን መናገሩ ነው፤ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ማስታወሱ ነውና። እጁን የሚያከብር ባለሙያ ሁሉ፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ በእጁ ልክ ያሰፋ።

አቶ ገብረጻድቅ ማታ ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ሻንጣውን ታቅፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሮዳስ ከጎናቸው ሆና አየቻቸው። እጃቸው በእንቅልፍ ልብ የግራውን ኪስ ዳበሰች፤ ሞልቷል። ያን ጊዜ እጃቸውም አረፈች።