የሦስት ዓመቱ ባትሪ

— ሄሎ... ሄሎ! አዎ፣ ታደለች ባትሪ መሸጫ፣ ወልዲያ... ማን ልበል?... በላይ? አንተ ነህ እንዴ? በማን ስልክ ነው የምትደውለው?... በእትዬ ሸዋዬ? ያንተስ?... አይ፣ መርሳና መብራት። መብራት ከሌለ ስልክም የለ። እሺ፣ አባባ ደህና ዋሉ?... ተመስገን።

— እኔማ ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላልኩም። ወልዲያ ያለ ባጃጅ ሁሉ ዛሬ ተማክሮ ባትሪ የገደለ ነው የሚመስለው... አዎ፣ አዎ፣ ሙሄዲን እዚሁ ነው። ሚኒባሱን በሬ ላይ ገትሮ ክላክስ ያስጮኻል። በመርሳ አልፎ ውርጌሳ ድረስ የሚወርድ ሰው ጭኗል፣ ቸኩሏል... — ሙሄዲን! ወንድሜ ነው፣ አንዴ ታገሠኝ! —

— እ፣ በላይ። ዕቃህ ተጭኗል። አሥር ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ቆመህ ተቀበል... ሊትየሙ ባትሪ ነዋ። አንዱ። ከነቻርጀሩ... እንዴት የቱ ማለት? ትናንት ተስማምተን አልነበር?

— ሀሳብህን ቀየርህ? አሁን? መኪናው ሊነሳ ሲል?

— አቤት... ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው... እህ... እህ... የአሲዱን ባትሪ እናውቀዋለን፣ ሊትየሙን አናውቀውም ትላለህ። ከተበላሸ መርሳ የሚፈታው ሰው የለም። እሱ እውነትህን ነው። ወልዲያም የለም፣ እኔም ብሆን አልፈታውም። ጨረስህ? አሁን አንተ ስማኝ።

— የአሲዱ ስድስት ነው። ስድስት! አንዱን ለብቻው ስታነሳው ነፍስህ ትወጣለች። ከመናኸሪያ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ መኪናዋ ወንበር ሥር። ባለፈው ጤፍ ስትጭን የተቆለመመው ወገብ የማን ነበር?... እንግዲያው። ሊትየሙን እኮ እኔ በሁለት እጄ አንስቼዋለሁ። ደግሞ መብራቱ። መብራታችሁ በሳምንት ስንት ሌሊት ያድራል?... ሦስት? አራት ቢበዛ? የአሲዱ ሌሊቱን ሙሉ ካልጠጣ አይጠግብም። ሊትየሙ ሦስት ሰዓት መብራት ካገኘ ይበቃዋል።

— ከሁሉ ከሁሉ ግን ውሃ አይፈልግም። ውሃ አይፈልግም በላይ! አሮጌዎቹን ባትሪዎች ትናንት ሙሄዲን አምጥቶልኝ ክዳናቸውን ስከፍት ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? ውስጣቸው ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፣ እንደ ጀበና ቂጥ። የባትሪ ውሃ ብቻ አድርጉ ብዬ ጀሪካን ሙሉ አልላክሁልህም? አንተ ግን ቧንቧውን ከፍተህ ሞላህበት... አልሞላሁም? ታዲያ ማን ሞላው፣ ጅብ?

— እሺ አትማል። አትማል አልኩህ። የሆነው ሆኗል።

— እኔ እኮ ያቺን መኪና ለአባባ ብለህ ከሐራ የባቡር ካምፕ በጨረታ አንስተህ ስትመጣ ነው ልቤ የደከመው። መርሳ ሁሉ ሲስቅብህ አልነበር? ፈረንጅ የጎልፍ ኳስ እየተከተለ የሚነዳት ጋሪ፣ መርሳ ላይ ምን ታደርጋለች ሲሉህ... አሁን የሳቁት ናቸው ቅዳሴ መልስ እኔንም አሳፍረኝ የሚሉህ። እትዬ ሸዋዬ እንኳ ስልኳን የሰጠችህ ለጽድቅ አይደለም፣ ተሳፋሪ ስለሆነች ነው... አለች እንዴ አጠገብህ? ሰላም በልልኝ።

— — አይ ወንድሜ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የለኝም። ከመንገዱ ማዶ ይጠይቁ። —

— ደንበኛ ነው። ምን አልክ?... ቆይ፣ አልሰማሁም። ሄሎ? ትሰማኛለህ? የመጨረሻውን ድገመው።

— ...

— አሥር ዓመት የሚቆይ ባትሪ ለማን ነው አልክ?

— ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አዎ። አንተ ልትነግረኝ ነው?

— ሦስት ዓመት ይበቃቸዋል። እንዲህ ነው ያልከው?... አትጩህ፣ ካንተ ራቅ ብለው ነው አይደል የተቀመጡት?... ከዛፉ ሥር። ይሁን።

— አልተቆጣሁም... በላይ፣ የነገርከኝ እኔ ያላሰብኩት ነገር መሰለህ? እሱ እኮ ነው የሚያበሳጨኝ። ሰው ባትሪ ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዓመት ልትነዳው ነው ብዬ ነው። ልሸጠው ነው ካለኝ ርካሹን፣ ልጄን አሳድግበታለሁ ካለኝ ጠንካራውን። ሃያ ዓመት እንዲህ ሸጫለሁ። ትናንት ለአባባ ልመርጥ ስቆም ያቺ ጥያቄ መጣችብኝ። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን፣ በአባቴ ዕድሜ ላይ ሒሳብ ስሠራ ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ። ስላፈርኩ ነው የአሥር ዓመቱን የጫንኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም። መብራቱም ወገብህም ሰበብ ነው።

— ስለ ብሩ ደግሞ አታንሳብኝ። የኔ ጣጣ ነው።

— ምን? እየመጡ ነው?... ስልኩን ይፈልጋሉ? ስጣቸው እንጂ ታዲያ። ያን ያልከውን ሰምተውህ እንዳይሆን... ስጣቸው።

— አባዬ! እንደምን ዋሉ?... እንደምን ዋሉ! ታደለች ነኝ!... እግዚአብሔር ይመስገን። እግርዎስ?... አይ እሱ ክረምት እስኪወጣ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አዎ... ቤት ከዋሉ ስንት ቀን ሆነ?... ዘጠኝ። አውቃለሁ አባዬ። ኪዳን ሳያደርሱ ዘጠኝ ቀን። ዛሬ ያበቃል፣ የበቅሎዎ መድኃኒት በመንገድ ነው። እኛንም እኮ መኪናዋን በቅሎ ማለት አስለመዱን።

— በላይን አትቆጪው? አልተቆጣሁትም... ሰምተውኛል? ስልኩ ይህን ያህል ይጮኻል?... እሺ... የሞላው እሱ አይደለም? ታዲያ ማነው?

— አንቱ?

— ምን ውሃ ነው ያደረጉባቸው አባዬ?... ጠበል?!

— — ሙሄዲን፣ ገብተህ አትሳቅብኝ! ወደ ውጭ ውጣልኝ! — አይ፣ ለአንቱ አይደለም አባዬ፣ ለሾፌሩ ነው።

— እህ... የላክሁት ጀሪካን አለቀ... እነሱም ደከሙ... ዳገቷ ላይ ማቃሰት ጀመሩ... እሺ... «እኔን ያነሳኝ ጠበል እነሱን ምን ይሳነዋል» አሉ... አይ አባዬ። እኔ ምን ልበል? ጠበሉማ ያድናል፣ ማን አይልም አለ? ግን ከድንጋይ ሥር ነው የሚፈልቀው፣ ኖራውን ይዞ ይመጣል። ሰው ያድናል፣ ባትሪ ይገድላል... አይ፣ ኃጢአት የለበትም። አስበውላቸው ነው።

— ሲሞሉ እንዴት ነው የሚያዩት ግን? ከወንበሩ ሥር ጨለማ አይደለም?... በጧፍ?

— ጧፍ አብርተው?! ወይኔ! ኧረ በእመቤቴ! አባዬ፣ ባትሪ ቻርጅ ሲሆን አየር ያወጣል እኮ፣ እሳት ካገኘ ይፈነዳል! ከነአሲዱ ፊትዎ ላይ!... ስንት ጊዜ?... እሁድ በእሁድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ? እንግዲያው ጠበሉ አንቱን ጠብቋል።

— በቃ፣ አሁን ግን አለቀ። የላክሁልዎ ሌላ ዓይነት ነው። ድፍን ሳጥን ነው፣ ክዳን የለው፣ ውሃ አይጠጣ። አይከፍቱትም፣ አይነኩትም። አርፈው ላዩ ላይ ቁጭ ማለት ብቻ ነው... ሄሎ?... አባዬ?... ይሰሙኛል?

— ምን አሉኝ?

— እ?

— ...«እኔስ ምን ልሥራ?»

— አይ፣ ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ አባዬ። ይበሉ፣ ይንገሩኝ... ከቅዳሴ መልስ፣ አዎ... ወንበሩን ብድግ አድርገው... ክዳኖቹን ይከፍቱና ከአንዱ ወደ አንዱ... እንደ ብርቱካኑ። እንዴት ትዝ አይለኝም? የግራናው እርሻችን ብርቱካን። አንቱ ቦዩን እየከፈቱ፣ እኔ ከኋላ በጭቃ እየደፈንኩ። ፈጥነሽ ድፈኚ እያሉ እንዴት ይቆጡኝ ነበር... አዎ፣ እሱም ደረቀ። ግራናም ራቀ። እግርዎም እንዲህ ሆነ።

— እና አሁን የሚያጠጡት እነዚያን ስድስቱን ነው።

— አላለቀስኩም... እሺ፣ ትንሽ። ከድካም ጋር ነው። ቆይ አባዬ፣ ስልኩን እንዳይዘጉት። በጆሮዎ ይያዙት።

— — ሙሄዲን! ና ግባ፣ አሁን ግባ። ያንን ሊትየም አውርድልኝ... አዎ፣ ከነቻርጀሩ አውርደው። ከዚያ እነዚያን ስድስቱን አዲስ የአሲድ ባትሪዎች፣ ጥግ ያሉትን፣ ጫን... አላበድኩም። አውቃለሁ ከባድ ነው። ወረፋ የያዙት ወጣቶች ያግዙህ። ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ የታመመ አባት አላት በላቸው። አልታመሙም ግን በላቸው። የባትሪ ውሃም ሁለት ጀሪካን ጨምር። —

— አባዬ፣ አሉ? ስድስቱ ይመጡልዎታል... የሚጠጡት፣ አዎ፣ የሚጠጡት! ግን በመድኃኔዓለም ይማሉልኝ። ጧፍ በአጠገባቸው አይደርስም። በላይ በእጅ ባትሪ ያብራልዎ፣ መነጽርዎን አድርገው። ቻርጅ አድርገው ሳይሆን ሳይነቅሉ እንዳይከፍቱ... አይ፣ ተሳሳትኩ፣ ምላሴም ደከመ። መጀመሪያ ቻርጅ ይሁኑ፣ ከዚያ ይነቀሉ፣ ከዚያ ትንሽ ይረፉ፣ ከዚያ ነው ማጠጣት። ብረቱ እስኪሸፈን ብቻ። ጢም አድርገው አይሙሉ... እንደ ችግኝ፣ አዎ። ጠበሉን አንቱ ይጠጡት፣ የጀሪካኑን ለነሱ። እጅዎንም ይታጠቡ።

— መብራት የጠፋ ሌሊትማ ያው በረሃብ ያድራሉ። ጠዋት በቅሎዋ ዳገቷ ላይ ከቆመች በላይ ይገፋዎታል። ምን ሥራ አለው?

— ስንት ዓመት ይቆያሉ?...

— ሦስት ነው የሚባለው አባዬ። ሦስት... ግን እሱ የባለሱቅ ወሬ ነው። የሚያጠጣቸው ሰው ካለ አራትም አምስትም ይሄዳሉ። በኔ እጅ አይደለም፣ በሚያጠጣቸው እጅ ነው... አንድ ወር ከተረሱ ግን ይሞታሉ። እንግዲህ እሁድ እንዳይቀሩብኝ... አልቀርም አሉ?... ይድገሙልኝ እስቲ... አይቀሩም። እሺ። ይዣለሁ። ቃል ነው። ሲያረጁ ደግሞ ሌላ ስድስት እልካለሁ፣ ያንጊዜም ለአንቱ ነው... አሜን። አሜን አባዬ። ይመርቁኝ፣ ሰምቻለሁ... አሜን። በላይን ይስጡኝ።

— በላይ? ስድስት ነው የሚወርደው፣ ሰው ይዘህ ጠብቅ... አዎ፣ ያልከው ሆነልህ። ባልክበት ምክንያት ግን አይደለም የሆነው። ገባህ?... አልገባህም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አጠገባቸው ቁምና በእጅ ባትሪው እያበራህ ፊታቸውን እየው፣ ይገባሃል። አንዲት እሁድ ሌላ ሥራ አለብኝ ብለህ ብትቀር... ሄሎ?... ሄሎ፣ በላይ?

— ...የእትዬ ሸዋዬም ስልክ ሞተ።

— ሙሄዲን! ቆይ፣ ብቻህን አታንሳው፣ ወገብህን ትቆርጠዋለህ። በዚህ በኩል እኔ ልያዝልህ... አንድ፣ ሁለት...