ዝምታቸው የሚያስፈራው ሰው

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ በልጅነታቸው «መሰላሉ» ይባሉ የነበሩት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የቴሌቪዥን ተንታኝ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ቁመታቸው አልበቃም እያለ፣ አባታቸው አልጋቸውን ፈትተው ሲያስረዝሙ፣ እናታቸውም የሱሪያቸውን ጫፍ ሲቀጥሉ፣ ቤተሰቡ እየሳቀባቸው አደጉ።

በትምህርት ቤታቸው ጓሮ፣ የቅርጫቱ ሰሌዳ በተሰነጠቀ ሜዳ ላይ የጀመሩት ጨዋታ ብዙም ሳይቆይ ለትልቅ ክለብ ለመሰለፍ አበቃቸው። ነገር ግን የዋንጫ ጨዋታ ሲቃረብ ጉልበታቸው ላይ የተሰማቸውን ሕመም ከወጌሻውም ከአሰልጣኛቸውም ደብቀው፣ መጸዳጃ ክፍል ተሸሽገው ጉልበታቸውን በፋሻ ጠፍረው ሜዳ ገቡ፤ ዘለው ሲያርፉም ጅማታቸው ተበጥሶ የተጫዋችነት ዘመናቸው በዚያው አበቃ።

አሰልጣኝ ሲሆኑ ዓይናቸው ከኳሱ ይልቅ እግር ላይ ያርፍ ነበርና፣ ሕመሙን የሸሸገ ተጫዋች ከአረማመዱ ለይተው ሳያመነቱ ይቀይሩታል፤ ተጫዋቾቻቸውም ፊት ለፊት እየተነጫነጩ፣ ዞር ሲሉ ያመሰግኗቸው ነበር። ወደ ቴሌቪዥን ከተዛወሩ በኋላ ግን የመቀየር ሥልጣን አልነበራቸውም። ሊጎዳ የተቃረበ ሰው ሲያዩ፣ ማሟረት እንዳይሆንባቸው ዝም ይላሉ። ያ የማያርፍ አፋቸው በድንገት ከተዘጋ አንዱ መውደቁ እንደማይቀር ተመልካቹ ስለለመደው፣ ዝምታቸው በረዘመ ቁጥር ልቡ ይሰቀል ነበር።

ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ ልጃቸው ቁመታቸውንም ጨዋታቸውንም ስለወረሰች ደስ ቢላቸውም፣ ጉልበታቸውንም እንዳትወርስ ሥጋታቸው ብርቱ ነበር። እሷ በተሰለፈች ቀን ባለቤታቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው የሚከታተሉት ውጤቱን ሳይሆን የባላቸውን ድምፅ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ደረጃ ሲወጡ ቆም ማለት፣ ደረታቸውንም በመዳፋቸው መደገፍ ጀምረው ነበር፤ ሲጠየቁ ጨጓራ ነው እያሉ ያልፉታል። የሰውን ሕመም ከሩቅ ያዩ የነበሩት ሰው የራሳቸውን፣ ልክ እንደ ወጣትነታቸው፣ ሸሸጉት። ይህ ያንገበግበናል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸው በምትጫወትበት ግጥሚያ፣ ከዕረፍት መልስ ዝም አሉ። አጠገባቸው የነበረው ባልደረባቸውም እንደ ልማዱ፣ ማን ይወድቅ ይሆን ብሎ ወደ ሜዳው አፈጠጠ። ባለቤታቸው ከቤት ሆነው ወደ ቡድኑ ወጌሻ ደወሉና «ልጄን አስወጧት፤ አባቷ ዝም አሉ» አሉ። ወጌሻው ነገሩ ስለገባው አንድም ጥያቄ ሳይጨምር አስቀየራት። ጉልበቷን ሲደባብሰው ምንም እንዳላመማት በንዴት እየነገረችው፣ አባቷን ልትወቅስ ወደ ተንታኞቹ ጠረጴዛ ቀና ብትል፣ ማይክሮፎናቸው ላይ ተደፍተው አየቻቸው። ደረጃውን እየዘለለች ስትወጣ ያያት ሁሉ ጉልበቷ ደህና መሆኑን አወቀ።

ሐኪም ቤት ሳይደርሱ፣ ሲደብቁት በኖሩት የልብ ሕመም በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም በጊዜ ስለቀየሯቸው ዛሬ አስከሬናቸውን በጤነኛ እግራቸው ተሸክመው የሚያጅቡ ተጫዋቾቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በደጋጎች መካከል ያሳርፍልን፤ ከእንግዲህም ዝምታቸው ማንንም የማያስፈራ ዕረፍት ይሁንላቸው።