ጠበሉ የወረደበት

የካቲት 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ አንዲት አሮጊትና የቧንቧ ሠራተኛ መሆኑን የነገራቸው ጎልማሳ ይነጋገራሉ።

«ለጉልበቴ ከግሽ ዓባይ ጠበል አስቀድቼ፣ ቡሬ ከልጄ ቤት ሰባት ቀን ተጠመቅሁ።»

«ታዲያ ምን አሳዘነዎት፣ እማማ?»

«መታጠቢያውም መጸዳጃውም አንድ ክፍል ነው። በመካከሉ መጋረጃ የለው፣ ግድግዳ የለው። በሰባተኛው ቀን ውኃው ወዴት እንደሚወርድ አሰብሁ። ጠበሉን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ከትቼው ይሆን? ይኸው ለነፍስ አባቴ ልናዘዝ መሄዴ ነው።»

«ውኃው በመቀመጫው ነው የገባ?»

«ኧረ ወዲያ፣ ከወለሉ ጥግ ባለው ቀዳዳ ነው የወረደ።»

«ከቤቱ ጀርባስ ምን አለ?»

«የልጄ የጎመን መደብ። በዚህ በጋ ሳታጠጣው ለምልሞ፣ ከቤት ተርፎ ገበያ እያወጣችው ነው።»

«እንግዲያው ይረጋጉ። የመታጠቢያው ውኃ ለብቻው በቱቦ ወደ ጎመኑ ይወጣል ማለት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባማ መደቡ ደርቆ ያገኙት ነበር።»

«እሰይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ዛሬ ገና ተነፈስሁ።»

«ጉልበትዎስ ተሻለዎት?»

«እሱስ የጎመኑን ያህል አልለመለመም።»

«ታዲያ ከነፍስ አባትዎ ዘንድ መሄዱ ይቀራላ?»

«እንዴት ይቀራል? ጠበል የጠጣ ጎመን ይበላ እንደሆን ልጠይቃቸው እንጂ።»

የጎመኑ ነገር ሳይወሰን ፍኖተ ሰላም ደረስን፤ እኔም ትናንት ከቡሬ ገበያ ገዝቼ ጭኔ ላይ ያስቀመጥሁትን የጎመን እስር ቀስ ብዬ በጋዜጣ ሸፈንሁት።