ሁለት ክፍል የዞረ ጓንት

ከኦሮራ ወደ ዴንቨር በሚሄደው የኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ አንዲት ትልቅ ሴትና የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ወንድሜን እናንተ ሆስፒታል ለብቻው አስተኝተውታል። መድኃኒት የማይገድለው ባክቴሪያ ነው አሉ።»

«እግዜር ይማረው፣ እትዬ። ጓንት አድርገው ነው የገቡት?»

«እንዴታ! ትናንት በጓንት አጎረስኩት።»

«ደግ አድርገዋል። ከዚያ በር ላይ አውልቀው ጥለውት ታጠቡ፣ አይደል?»

«አዲስ ጓንት ለምን ብዬ እጥላለሁ! አጠገቡ ያለው ክፍል አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ጠያቂ የለው፣ አንጀቴን በላው። እሱንም አጎረስኩት።»

«በዚያው ጓንት?»

«ታዲያ በባዶ እጄ ላጉርሰው? ሰው ምን ይለኛል!»

«እትዬ፣ ባክቴሪያው እኮ ጓንቱ ላይ ሆኖ አብሮዎት ዞረ! አሁን እንደደረስን ለነርሷ እንንገራት፤ ሽማግሌውን ቼክ ያድርጉት።»

«ኧረ ጉዴ ፈላ! ደግሞ ወዶኝ ‹ቱሞሮው› ብሎኛል እኮ!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ይጠይቁታል፤ ግን ታጥበው፣ በአዲስ ጓንት።»

«እሺ፣ እታጠባለሁ። እስከዚያ ዳቦ ቅመሽ። አንተም ከኋላ ያለኸው፣ እንካ!» ብለው በእጃቸው ቆርሰው ዘረጉልኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩና እስክወርድ ድረስ ይዤው ተቀመጥኩ።